የብሎግ ሳይድባርና ዊጀት፦ ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከጥገናው ጎን ለጎን ሰዎች ብሎግ እንዲከፍቱ አግዛለሁ። ስለ ወሎ ታሪክ የሚጽፉ ጡረተኛ መምህር አሉ። መንዙማ የሚሰበስብ ወጣት አለ። ላሊበላ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኝ ልጅ፣ የምግብ አሠራር የምትጽፍ የኮምቦልቻ እህትም አሉኝ። ጽሑፉ ላይ ማንም አይቸገርም። ሁሉም የሚያዙት ጎን ላይ ያለችው ረድፍ ዘንድ ሲደርሱ ነው። ጥያቄያቸው ስለሚመሳሰል እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። አብሽሩ፣ ከባድ ነገር የለውም።

ሳይድባር ምንድን ነው? ዊጀትስ?

ሳይድባር ከዋናው ጽሑፍ ጎን የሚቆም ጠባብ ረድፍ ነው። ዊጀት ደግሞ እዚያ ረድፍ ውስጥ የምትሰኩት ነገር ነው፤ የመፈለጊያ ሳጥን፣ የርዕሶች ዝርዝር፣ የቆዩ ጽሑፎች ማውጫ። ብሎግ ከሚከፈትባቸው አገልግሎቶች ብሎገር ጋጄት ይለዋል፣ ወርድፕረስ ዊጀት ይለዋል። ነገሩ አንድ ነው።

ለምን ያስፈልጋል? አንባቢ በፊት በር ስለማይገባ። ብዙውን ጊዜ ቴሌግራም ወይም ጉግል ላይ ያገኘውን ሊንክ ተጭኖ መሀል ጽሑፍ ላይ ዱብ ይላል። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ ዙሪያውን ያያል። ያኔ «ወዲህ ደግሞ ሌላ አለ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ሳይድባሩ ያ ሰው ነው።

ብሎገር ላይ እንዴት ነው የምጨምረው?

ብሎገር ውስጥ ገብታችሁ በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ሌይአውት የሚለውን ተጫኑ። የብሎጋችሁ ንድፍ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ ይመጣል። በሳይድባሩ ክፍል አድ ኤ ጋጄት የሚለውን ስትነኩ የጋጄቶቹ ዝርዝር ይከፈታል። የምትፈልጉትን መርጣችሁ፣ ርዕሱን በአማርኛ ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ። ቦታ ለመቀየር ሳጥኑን ይዞ መጎተት ነው። ለማረም የእርሳሷን ምልክት መጫን ነው። ስትጨርሱ ሙሉውን አቀማመጥ ማስቀመጥ አትርሱ። ግማሹ ሰው «ሠርቼ ነበር፣ ጠፋብኝ» ብሎ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ርዕሱን በአማርኛ ጻፉ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ጋጄቶቹ ከነእንግሊዝኛ ስማቸው ሊመጡ ይችላሉ። ሙሉ ብሎጉ አማርኛ ሆኖ ጎኑ ላይ «ፖፑላር ፖስትስ» በላቲን ፊደል ተገትሮ ሲታይ ደስ አይልም። «ብዙ የተነበቡ» በሉት፣ አለቀ።

ወርድፕረስ ላይ ዊጀትስ የሚለውን አገኘዋለሁ ብዬ ነበር፤ የለም። የት ሄደ?

መልሱ በቲማችሁ ይወሰናል። ቲም ስል የብሎጉን ገጽታ ነው። በቀድሞው ዓይነት ቲም አፒራንስ ስር ዊጀትስ የሚል ታገኛላችሁ። ከስሪት 5.8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ያ ገጽ ራሱ በብሎክ፣ ማለትም እየተደረደረ በሚገጣጠም ቁራጭ፣ የሚሠራ ሆኗል። የድሮው ይሻለኛል የምትሉ ክላሲክ ዊጀትስ የሚባል ነፃ ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ መሣሪያ፣ አለ።

ቲሙ በሙሉ በብሎክ የተሠራ ከሆነ ግን ዊጀትስ የሚለው ጭራሽ አይኖርም። በቦታው ኤዲተር የሚል ታያላችሁ። እዚያ ገብታችሁ ቴምፕሌቱን (የገጹን ንድፍ) ትከፍታላችሁ፣ ገጹን ለሁለት ዓምድ ትከፍሉታላችሁ፣ በጠባቡ ዓምድ ውስጥ መፈለጊያውን፣ ካቴጎሪውን (የርዕሶቹን ዝርዝር)፣ የቅርብ ጽሑፎችን ታስቀምጣላችሁ። ለሳይድባርነት የሚበቃው ይኸው ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ቲም ሳይድባር የለውም። ትዌንቲ ትዌንቲ ዋን የሚባለውን ብትወስዱ ዊጀቶቹ የሚወጡት ከገጹ ግርጌ ነው። ሁለት ሰዓት ስትታገሉ አትዋሉ፣ ሳይድባር ያለው ቲም ምረጡ።

ምን ምን ላስገባ?

ጥቂት። ሳይድባር የባቲ የሰኞ ገበያ አይደለም፤ ያለው ሁሉ ይዞ አይወጣበትም።

እኔ ከላይ የመፈለጊያ ሳጥን አስቀምጣለሁ። ከሥሩ የርዕሶች ዝርዝር፣ ማለትም ሌብል ወይም ካቴጎሪ። ከዚያ ብዙ የተነበቡ ጽሑፎች። በመጨረሻ ስለ ጸሐፊው ሁለት መስመርና የቴሌግራም ቻናል ሊንክ። አለቀ። አምስተኛ ነገር ሊጨመር ሲል «ይሄን ማን ይጫነዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካጣሁ አይገባም።

ዋናው የርዕሶች ዝርዝሩ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ርዕሶቹን አንባቢ በሚጠይቅበት ቋንቋ ሰይሟቸው። መምህሩ መጀመሪያ ይዘው የመጡት ዝርዝር «ልዩ ልዩ»፣ «ወቅታዊ»፣ «ምልከታ»፣ «ሌሎች» የሚል ነበር። ከመካከላቸው አንዱን ተጭኖ ምን እንደሚያገኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አብረን ቁጭ ብለን ጽሑፎቹን በተናቸው። ስለ አይጠየፍ አዳራሽና ስለ ንጉሥ ሚካኤል የጻፉት አለ። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። ስለ ውጫሌ ውል አለ። ስለ ቅኝቶቹ፣ አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከቦታ እንደያዙ የጻፉት ግሩም ጽሑፍም አለ። ዝርዝሩ «ደሴ»፣ «ሐይቅ»፣ «ላሊበላ»፣ «ቅኝትና ዘፈን»፣ «የውጫሌ ውል» ሆነ። አሁን የማያውቀው ሰውም ያያል፣ ይገባዋል፣ ይጫናል።

ከስድስት እስከ አስር ርዕስ ይበቃል። አንድ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ርዕስ አታውጡ። ብሎገር ላይ ሌብልስ የሚለው ጋጄት የተመረጡትን ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ ሌላው ከኋላ ይቀመጥ።

ሌብሉን በደመና መልክ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ቀላቅሎ የሚያሳይ አማራጭም አለ። እኔ አልወደውም። አማርኛ ፊደል አንሶ ሲታይ ዓይን ይወጋል።

«ብዙ የተነበቡ» የሚለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው የሚያሳየው። ለምን?

ጊዜውን «ከመጀመሪያው ጀምሮ» አድርጋችሁት ነው። ብሎገር ላይ ወደ 7 ቀን ወይም ወደ 30 ቀን መቀነስ ይቻላል። ወቅት ለሚከተል ብሎግ 7 ቀን ጥሩ ነው። መስከረም 21 የግሸን በዓል ሲቃረብ ሰው ሁሉ ስለ ግሸን መንገድ ይፈልጋል። ጋጄቱ ያን ጽሑፍ ራሱ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ እናንተ ምንም አትነኩም። ብሎጉ ገና ጎብኚ ያልበዛበት ከሆነ ግን 7 ቀን ባዶ ሊመስል ይችላል፤ 30 ይሁን።

«ሐይቅ» የሚለው ርዕስ ሦስት ቦታ ይወጣብኛል። ምን ላድርግ?

ይሄ የአማርኛ ብሎግ ዋና በሽታ ነው። አንድ ቀን «ሐይቅ» ብላችሁ ጻፋችሁ፣ ሌላ ቀን «ሀይቅ»፣ ከዚያ «ሃይቅ»። እኛ ስናነበው አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ነው ያለው። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»፣ «ሥዕል» እና «ስዕል»ም እንደዚያው። «ታሪክ» እና «ታሪኮች» ብላችሁ የከፈታችሁትማ ይባስ።

መፍትሔው ወረቀት ነው። የሌብሎቻችሁን ዝርዝር በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ጻፉና ኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፉ። አዲስ ጽሑፍ ስታወጡ ከዚያ እያያችሁ ምረጡ እንጂ ከጭንቅላታችሁ አትጻፉ። የትኛው ሀ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት ተዉት። ለሳይድባሩ ዋናው ነገር አንድ መሆኑ ነው።

የተበላሸውን ለማስተካከል፣ ብሎገር ላይ ከጽሑፎቹ ዝርዝር በአንድ የተሳሳተ ሌብል ያሉትን ሁሉ ምረጡ፣ ትክክለኛውን ሌብል ጨምሩላቸው፣ የተሳሳተውን አንሱ። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ሌብል ራሱ ይጠፋል።

በነገራችን ላይ መፈለጊያ ሳጥኑም ይሄው ችግር አለበት። አንባቢ በአንዱ ሀ ጽፎ እናንተ በሌላው ከጻፋችሁ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ሌላውን አጻጻፍም ጣል ማድረግ አይጎዳም። «አንዳንዶች ሃይቅ ብለው ይጽፉታል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሥራዋን ትሠራለች።

ሌብሎቼ ሁሉ ተያይዘው አንድ ረጅም ሌብል ሆኑ።

የአማርኛውን ነጠላ ሰረዝ ተጠቅማችሁ ነው። ሌብል የሚለያየው በላቲኑ ኮማ ነው። «ደሴ፣ ሐይቅ፣ ባቲ» ብላችሁ ብትጽፉ ብሎገር እንደ አንድ ስም ይቆጥረዋል። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይራችሁ ኮማዋን ብቻ ተጫኑ።

በፊደል ተራ አድርጌው «ሐይቅ» ከ«ላሊበላ» በታች መጣ። ተሳስቷል?

አልተሳሳተም። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችሁ ቁጠሩ። ለ ከሐ ይቀድማል። «ሃይቅ» ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ግን ከላይ ይወጣ ነበር፤ የኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ሰው አይደናገርም።

በራሳችሁ ቅደም ተከተል ማሳየት ከፈለጋችሁ የሌብል ጋጄቱን ተዉና ሊንክ ሊስት የሚለውን ተጠቀሙ። እያንዳንዱን ርዕስ ተጭናችሁ የሚመጣውን አድራሻ ገልብጣችሁ በምትፈልጉት ተራ ትደረድሩታላችሁ። ወርድፕረስ ላይ ደግሞ ሜኑ ሠርታችሁ በሳይድባር ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ለጉዞ ብሎግ ይሄ በጣም ያምራል። ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ ብሎ እንደ መንገዱ መደርደር ይቻላል። አንባቢው ዝርዝሩን ሲያነብ ወደ ሰሜን እየተጓዘ ነው።

አርካይቭ ዊጀቱ በፈረንጅ ወር ነው የሚያሳየው። ይቀየራል?

በቀላሉ አይቀየርም። አርካይቭ ጽሑፎችን በዓመትና በወር ይደረድራል፤ ዘመኑ ግን የፈረንጆቹ ነው። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ብትቀይሩት «ሴፕቴምበር» ብሎ በግዕዝ ፊደል ይጽፈዋል እንጂ መስከረም አይለውም።

የሚያሳስተው ደግሞ ዓመቱ ነው። በአማርኛ በተጻፈ ገጽ ላይ «2016» የሚል ያየ ሰው በእኛ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። ጽሑፉ ግን በ2008 ወይም በ2009 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ነው እንግዲህ። የአንድ ደንበኛዬ አንባቢ የድሮ የትራንስፖርት ዋጋ አይቶ የቅርብ መስሎት ተናድዶ ጽፎለታል።

እኔ አርካይቩን አውጡት ነው የምለው። ከሃምሳ ጽሑፍ በታች ላለው ብሎግ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ማንም ሰው «ኦክቶበር ላይ ምን ተጻፈ?» ብሎ አይመጣም። የግድ ከሆነ በእጃችሁ ሥሩት። «የ2017 ጽሑፎች» የሚል አንድ ገጽ ከፍታችሁ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ርዕሶቹን ከነሊንካቸው ደርድሩና ያን አንድ ገጽ ሳይድባሩ ላይ አድርጉት። የመቀየሪያውን ድንበር አስታውሱ፤ መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 12።

ኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ ስልክ ላይ ግን ሳይድባሩ የለም።

ይሄ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚውልበት ቀን የለም። ጠያቂዎቹ ብሎጉን የሠሩት እኔ ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው። አንባቢያቸው ታክሲ ውስጥ ቆሞ በስልክ ነው የሚያነበው።

ስልክ ጠባብ ስለሆነ ጎን የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ቲሙ ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል። ወይ ሳይድባሩን ከጽሑፉ ሥር ይጥለዋል። ወይ ከላይ ባሉት ሦስት መስመሮች ምልክት ውስጥ ይደብቀዋል፤ የብሎገሩ ኮንቴምፖ እንደዚያ ነው። ወይ ጭራሽ አያሳየውም። በብሎገር የቆዩ ቲሞች፣ ለምሳሌ ሲምፕል በሚባለው፣ የስልኩ ገጽታ አብዛኞቹን ጋጄቶች ይተዋቸዋል። ቲም ውስጥ ገብታችሁ የስልክ ቅንብሩን ወደ ዴስክቶፕ መቀየር ትችላላችሁ፤ ግን ፊደሉ ትንኝ ያክላል። አዲስ ቲም መውሰድ ይሻላል።

ከጽሑፉ ሥር የሚጥለው ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከላይ ያለው ዊጀት መጀመሪያ ይመጣል፣ የቀረው እየተከታተለ ይወርዳል። አብዛኛው አንባቢ አቦል ጠጥቶ የሚነሳ ነው። ለቶና ከቆየ ጥሩ። በረካ ላይ ያስቀመጣችሁትን ግን አያየውም። ስለዚህ ዋናው ነገር ከላይ ይሁን፤ ፎቶአችሁና የሕይወት ታሪካችሁ ታች ይውረድ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ለስልክ አንባቢ ሳይድባሩን ብቻ አትመኑ። እያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ «ይህንንም ያንብቡ» ብላችሁ ሁለት ሊንክ በእጃችሁ አስገቡ። ከማንኛውም ዊጀት ይበልጣል።

ስትጨርሱ ሁልጊዜ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱት። ከዚያ ደግሞ በሌላ ሰው ርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ ዋይፋይ ጠፍቶ።

ሰዓት፣ የጎብኚ ቆጣሪ፣ የፌስቡክ ሳጥን፣ መንዙማ የሚያጫውት ማጫወቻ ላስገባ?

ሰዓት ስልኩ ላይ አለ። ቆጣሪው 43 ጎብኚ ብሎ ሲያሳይ ለእናንተም አያኮራ፣ ለአንባቢውም አይረባ። የፌስቡክ ሳጥኑ ከሌላ ቦታ ብዙ ነገር ስለሚጎትት ገጹን ያዘገየዋል፣ የአንባቢውንም ዳታ ይበላል። ተራ ሊንክ ይበቃል። ማጫወቻውን ብታስገቡም ሰው ሳይነካው በራሱ እንዲጀምር አታድርጉ። ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ከፍቶት በድንገት ድቤው ሲመታ ምን ይዋጠው?

የአማርኛው ጽሑፍ ሳይድባሩ ላይ ተሰባብሮ ይወጣል።

ፊደሎቻችን ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ጠባብ ዓምድ አይችላቸውም። መጀመሪያ ርዕሶቹን አሳጥሩ። «በደቡብ ወሎ የሚገኙ ታሪካዊ ቦታዎች» ከማለት «ታሪካዊ ቦታዎች»። ሁለተኛ የሳይድባሩን ስፋት ወደ 300 ፒክስል አድርጉ። ብሎገር ላይ ቲም ከስተማይዝ ውስጥ ስፋት የሚያስተካክሉ ቲሞች አሉ። ሦስተኛ በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ትንሽ ጨምሩ፤ የአማርኛ መስመር ሲጠጋጋ ይታፈናል። ፊደሉ ካላማራችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነፃ ናቸው። ለሳይድባር የመጀመሪያው ይሻለኛል፤ በትንሹም ይነበባል።

የርዕሱን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ስልከው በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ጉድ ይሆናል። ቫይረስ ነው?

አይደለም። የድረ ገጽ አድራሻ የሚጓዘው በላቲን ፊደል ስለሆነ የአማርኛው ፊደል ይመነዘራል። አንዱ ፊደል ሲመነዘር ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ላሊበላ» አራት ፊደል ነው፤ 36 ምልክት ይወጣዋል። ይሠራል፣ ግን አያምርም፣ አንዳንድ ቦታም ሲገለበጥ ይቆረጣል። ወርድፕረስ ላይ የካቴጎሪውን ስም በአማርኛ ትታችሁ ስለግ የሚለውን፣ ማለትም አድራሻው ውስጥ የሚገባውን ስም፣ ብቻ በላቲን ጻፉ። ብሎገር ላይ ለሌብል ይህ የለም። ለጽሑፍ ግን ፐርማሊንክ የሚለውን (የጽሑፉን አድራሻ) ከማውጣታችሁ በፊት በላቲን መጻፍ ትችላላችሁ።

ቲም ስቀይር ዊጀቶቼ ይጠፋሉ?

ሊጠፉ ይችላሉ። እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ። አንድ ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ነፃ ቴምፕሌት በራሴ ብሎግ ላይ ጫንኩ። መጠባበቂያ አልያዝኩም። ጠዋት ስነሳ በእጄ የጻፍኳቸው የሊንክ ዝርዝሮች የሉም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ መልሼ ለመጻፍ። ጥፋቱ የኔው ነው፤ ሰውን መጠባበቂያ ያዙ እያልኩ የምጨቀጭቅ ሰው።

ስለዚህ ብሎገር ላይ ከመቀየራችሁ በፊት ቲም ውስጥ ባክአፕ የሚለውን ተጫኑና ፋይሉን አውርዱ። በእጃችሁ የጻፋችሁትን ኤችቲኤምኤል (የገጹን ኮድ) ደግሞ ገልብጣችሁ ወደ ራሳችሁ ቴሌግራም ላኩት። ወርድፕረስ ላይ አዲሱ ቲም ቦታ ያጣላቸው ዊጀቶች ብዙውን ጊዜ ኢንአክቲቭ ዊጀትስ በሚል ክፍል ይጠራቀማሉ፤ ጠፉ ብላችሁ ከመጮሃችሁ በፊት የገጹን ታች እዩ።

የርዕስ ስም ብቀይር የድሮው ሊንክ ይሠራል?

ብሎገር ላይ አይሠራም። የድሮውን የተጫነ ሰው ባዶ ገጽ ያያል። ሊንክ ሊስት ውስጥ በእጃችሁ የደረደራችሁትንም አብራችሁ ማረም አለባችሁ። ወርድፕረስ ላይ ስሙን ብቻ ቀይራችሁ ስለጉን ካልነካችሁት ሊንኩ እንዳለ ይቆያል።